ጀርባው ክፍት የሆነ ሄድፎን ጎዶሎ ዕቃ አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሰሞን ስለ ሄድፎን አመራረጥ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ብሉቱዝና ስለ ባትሪ የተጻፈው ጥሩ ነው፤ ለእህቴ ልጅም አሳይቻታለሁ። አንድ ቦታ ላይ ግን ቅር አለኝ። ኦፕን ባክ የሚባሉትን፣ ማለትም ጀርባቸው ክፍት የሆኑትን ሄድፎኖች፣ በአንዲት ዐረፍተ ነገር አንስታችሁ «ድምፅ ያስወጣሉ፣ ድምፅ ያስገባሉ፣ ባይገዙ ይመረጣል» ብላችሁ አለፋችኋቸው። ይህን ያነበበ ሰው ዕቃው ከፋብሪካ ተበላሽቶ የወጣ ነው የሚመስለው። እኔ ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ጆሮዬ ላይ ያለው እሱ ነው። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም። ረዘም ቢልም እንድታወጡልኝ እለምናለሁ።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ቀን ሌላ ሥራ አለኝ። ማታ ግን የድሮ ካሴት ወደ ኮምፒዩተር እገለብጣለሁ፣ ጩኸቱን አጸዳለሁ፣ ለባለቤቶቹ መልሼ እሰጣለሁ። ካሴቶቹ የሚመጡልኝ ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከደብረ ሲና፣ አንዳንዴም ከሸዋ ሮቢት ነው። ውስጣቸው በገና አለ፣ የሠርግ ዘፈን አለ፣ ሽለላና ቀረርቶ አለ፤ ፊደል ያልቆጠሩ እናት ውጭ አገር ላለ ልጃቸው በድምፃቸው የላኩት መልእክትም አለ። አንዱን ካሴት በወጉ ለመጨረስ ሦስት አራት ሰዓት ሄድፎን አድርጎ መቀመጥ ይጠይቃል። አንዲት ቃል ለመለየት አሥር ጊዜ እየመለስኩ የምሰማበት ማታ አለ። እንዲህ የሚቀመጥ ሰው የሚፈልገው፣ ዕቃው የተቀረጸውን ድምፅ ሳይጨምር ሳይቀንስ እንዲያሰማውና ጭንቅላቱን እንዳያሳምመው ነው።

ጀርባው ለምን ክፍት ሆነ? ሄድፎን ውስጥ ያለችው ስስ ሽፋን ስትርገበገብ አየሩን የምትገፋው ወደ ጆሮ ብቻ አይደለም። ወደ ኋላም ትገፋዋለች። በዝግ ሄድፎን የኋላው ድምፅ ከፕላስቲኩ ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ይመለስና ከፊተኛው ጋር ይደባለቃል። ጥሩ ፋብሪካ ይህን በስፖንጅና በብልሃት ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ ማጥፋት ግን ከባድ ነው። በክፍቱ ግን የኋላው ድምፅ ወንፊት በመሰለው ብረት ሾልኮ ይወጣል፣ በቃ ሄደ። ጎተራ ውስጥ ገብቶ የሚናገር ሰውና ግቢ ውስጥ ቆሞ የሚናገር ሰው ድምፃቸው አንድ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ልዩነቱ እንደዚያ ነው። በደንብ በስቴሪዮ (ግራና ቀኙ ተለይቶ) የተቀረጸ ሙዚቃ ከሆነ፣ ዘፋኙ እዚህ፣ ማሲንቆው እዚያ፣ አጨብጫቢዎቹ ደግሞ ወዲያ እያላችሁ በጣት መጠቆም ትችላላችሁ። (የእኔ ካሴቶች ብዙዎቹ ሞኖ ናቸው፣ ግራና ቀኙ አንድ ነው፤ እነሱ ላይ ይህ ጥቅም አይታይም፣ የድምፁ አለመታፈን ግን ይታያል።) ሐሳቡም ትናንት የመጣ አይደለም። ሴንሃይዘር የተባለው የጀርመን ኩባንያ ኤችዲ 414 የተባለውን የመጀመሪያውን ክፍት ሄድፎን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። እርግጥ የሚጎድለውም አለ። አየሩ ስለማይታፈን ከታች ያለው በጣም ወፍራሙ ቤዝ ይሳሳል።

እኔ ሄድፎን የምፈትነው በበገና ነው። በገና አሥር አውታር አለው። አውታሩ በሚያርፍበት ቦታ እንዝራ የምትባል ትንሽ ቆዳ ትገባለች፤ ያ እንደ ንብ ቀፎ የሚነዝረው ድምፅ የሚመጣው ከእሷ ነው። ይህ ለሄድፎን ከባድ ፈተና ነው። ከታች ወፍራሙ ድምፅ አለ፣ በላዩ ንዝረቱ አለ፣ በዚያ ላይ የደርዳሪው ቃል በለሆሳስ ይገባል። ቤዝ የበዛበት ሄድፎን ቃሉን ይውጠዋል። ቀጭኑ ድምፅ የበዛበት ደግሞ እንዝራዋን ቆርቆሮ ያደርጋታል። ሦስቱንም ለየብቻ፣ ግን አንድ ላይ የሚያሰማኝ ዕቃ ለእኔ ጥሩ ሄድፎን ነው።

እጄ የገቡትን ልንገራችሁ። ሁሉንም የገዛሁት እኔ አይደለሁም። አንዳንዱን ከውጭ የመጡ ዘመዶች ያመጡልኝ ነው፣ አንዳንዱን ከጓደኛ ተውሼ ወራት የሰማሁበት ነው።

የማልለየው የሴንሃይዘርን ኤችዲ 600 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ በኤሌክትሮኒክስ ዓለም ይህን ያህል ዘመን የቆየ ነገር ብዙ አይገኝም። በሰው ድምፅ የሚስተካከለው አላገኘሁም። አንድ አዛውንት ትንፋሽ ሲወስዱ፣ ምራቃቸውን ሲውጡ፣ ከዚያ ቃሉን ሲጀምሩ፣ ሁሉም በቦታው ይሰማል። በገናውም በገና ነው። ከበሮ ላይ ግን ይሰንፋል፤ የሠርግ ዘፈን ስሰማበት ከበሮው ከሩቅ የሚመታ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኤችዲ 650 ከእሱ ትንሽ ሞቅ ያለ ነው። ሙዚቃ ለደስታው ብቻ ለሚሰማ ሰው እሱን አስቀድማለሁ። ለእኔ ሥራ ግን ካሴቱ ራሱ በዕድሜ የደበዘዘ ስለሆነ በላዩ ሌላ ድብዘዛ አልፈልግም።

የቤየርዳይናሚክ ዲቲ 990 ፕሮ ስቱዲዮ ያላቸው ልጆች ቤት አይጠፋም። ቤዙ ሞቅ ያለ ነው፣ ቀጭኑ ድምፅ ግን ከልክ በላይ ስለታም ነው። «ሰ» እና «ሸ» ጆሮ ይበሳሉ። የካሴቱን ሽሽታ አጉልቶ ስለሚያወጣው ለጽዳቱ ሥራ እፈልገዋለሁ፤ ጨርሼ ሳዳምጥ ግን አውልቄው በኤችዲ 600 ነው የምሰማው። እንዝራዋን ቆርቆሮ የሚያደርጋት ይሄኛው ነው። ምቾቱ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ከሁሉም ይበልጣል። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ፊሊፕስ ኤስኤችፒ 9500 ለጀማሪ የምመክረው ነው። 32 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ) ስለሆነ ሞባይል ያለ ምንም ተጨማሪ ዕቃ ያንቀሳቅሰዋል። ድምፁ ሰፊ ነው፣ ንግግሩ ጥርት ያለ ነው። አያጠብቅም፣ እንዲያውም በጣም ይላላል፤ ጎንበስ ስትሉ ወደ ግንባር ይንሸራተታል። የማልወድለት የጆሮውን ስፖንጅ ነው፤ ሲያልቅ በቀላሉ እንዲቀየር ታስቦ አልተሠራም።

ሃይፋይማን ሰንዳራ ደግሞ አሠራሩ ሌላ ነው። ፕላናር ይሉታል፤ ሽፋኗ ጠፍጣፋ ሆና በማግኔቶች መካከል ሙሉ ለሙሉ ትርገበገባለች። የበገናውን የታችኛውን አውታር ሥሩ ድረስ የሰማሁት በእሱ ነው። የመጀመሪያው ቀን ከወንበሬ ሳልነሳ እኩለ ሌሊት ሆነ። ችግሩ ክብደቱ ነው፤ 372 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ኤችዲ 600 ግን 260 ግራም ያህል ነው። ልዩነቱ በእጅ ስትይዙት ምንም አይደለም፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ አንገት ላይ ግን ይታወቃል።

ግራዶንም ሞክሬዋለሁ፣ ኒው ዮርክ ብሩክሊን ውስጥ የሚሠራውን፣ ኤስአር 80 የሚባለውን። ማሲንቆ በእሱ ሲሰማ ጭራው ጭራውን ሲፈጭ ትሰማላችሁ። ግን ስፖንጁ ጆሮን አይከብም፣ ጆሮ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጆሮዬ ይቀላል። የኦስትሪያው ኤኬጂ ኬ 701 በድምፅ አይታማም፤ አናት ላይ በሚያርፈው የሄድፎኑ ቆዳ ላይ ያሉት ጉብጉብታዎች ግን አናቴን ስለሚወጉኝ በሳምንቱ ለባለቤቱ መለስኩት።

አሁን ወደ ምቾቱ ልምጣ፤ ጽሑፋችሁ ጨርሶ ያልነካው ይህንን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ አለ። ማታ ኮምፒዩተር ፊት የሚቀመጥ ሰው ጋቢ ተከናንቦ ነው የሚቀመጠው። ሌዘር መሰል ስፖንጅ ያለው ሄድፎን በዚህ ብርድ መጀመሪያ ሲያደርጉት ጆሮን እንደ ድንጋይ ያቀዘቅዛል፣ ቆይቶ ደግሞ ያልባል። ሁለቱንም በአንድ ማታ ያያሉ። ዓመት ሁለት ዓመት ሲሞላው ይላጣል፤ ጥቁሩ ፍርፋሪ አንገትና ነጠላ ላይ ይቀራል። ከፋይ ጨርቅ የለበሰው ግን፣ እንደ ዲቲ 990 እና እንደ ኤችዲ 600 ያለው፣ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ይሞቃል፣ አየሩም ስለሚወጣ አያልብም። ሸዋ ሮቢት ያለ ጓደኛዬ ነገሩን ከሌላ ወገን ነው የሚያየው። ቆላ ነው፣ ዝግ ሄድፎን አድርጎ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ አይችልም፤ ላቡ ይወርዳል። እሱም የሚሰማው በክፍቱ ነው። ደጋና ቆላ ሆነን በአንድ ዕቃ ተስማማን።

ኤችዲ 600 አዲስ ሲሆን በጣም ያጠብቃል። መንጋጋ ድረስ ያማል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ይሸጠዋል። ከራስዎ ትንሽ ሰፋ የሚል ካርቶን ወይም የመጻሕፍት ቁልል ላይ አድርጎ ጥቂት ሌሊቶች ማሳደር ነው፤ ይለቃል። ፕላስቲኩን በእጅ ማጠፍ ግን አይገባም፣ ይሰበራል። መነጽር ለምናደርግም ከፋዩ ይሻላል፤ የመነጽሩን ዘንግ ይቀበለዋል እንጂ አይገፋውም። የእህቴ ልጅ ሹሩባ ስትሠራ የኤችዲ 600 አናቱ ይጫናታል፣ ፊሊፕሱ ነው የሚመቻት። ስለዚህ ምቾት ሲባል የማን ራስ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ቢቻል ሳያደርጉ አይግዙ። አድርገውም ወዲያው አያውልቁ፤ ሃያ ደቂቃ ይቆዩበት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ሁሉም ይመቻል።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። አጎቴ የመንዝ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው በገና ይደረድሩ ነበር፤ አሁን ጣታቸው አይታዘዝም። የዛሬ ዓመት በሁዳዴ ለሕክምና መጥተው እኔ ቤት አረፉ። የገዛ ካሴታቸውን አጽድቼ ነበርና ላሰማቸው ፈለግኩ። ሄድፎኑን ሳመጣው ፈሩት። «ጆሮዬን ልትደፍነው ነው?» አሉ። ኤችዲ 600ን ቀስ ብዬ አደረግኩላቸው። ዝም አሉ። የራሳቸውን የሠላሳ ዓመት ድምፅ እየሰሙ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ ቀና ብለው «አንተ፣ ይኼ እኮ አይዘጋም፤ ዝናቡም ይሰማኛል» አሉኝ። እኔም አጠገባቸው ሆኜ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ያሉት ምንድን ነው?» እያልኩ እጠይቃለሁ፣ እሳቸውም ሳያወልቁ ይመልሱልኛል። ከዓመታት በፊት «ምን አለኝ» ብዬ የጻፍኩት ቃል «ማን አለኝ» ነው ብለው አረሙኝ። የአንዲት ፊደል ስህተት የግጥሙን ትርጉም አዙሮት ነበር። እኔ ያንን የጻፍኩት ኤችዲ 600ን ከማግኘቴ በፊት፣ በድሮው ዝግ ሄድፎኔ ነበር። መልሼ በሁለቱም ሰማሁት። በዝጉ ላይ የታችኛው ጉምታ ፊደሏን ሸፍኗታል። በክፍቱ «ማ» ትላለች፣ ጥርት ብላ።

ጽሑፋችሁ ልክ የሆነበትንም ልመስክር። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ አውቶቡስ ውስጥ ክፍት ሄድፎን አድርጎ መሄድ ትርጉም የለውም። የሞተሩ ጩኸት አለ፣ የሾፌሩ ቴፕ አለ። እንዲያውም ጩኸቱን ለማሸነፍ ድምፅ ስትጨምሩ ጆሯችሁን ትጎዳላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚያስቀምጠው ወሰን በ80 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ ከዚያ ሲጨምር ሰዓቱ በጣም ያጥራል። ለመንገድ ዝጉ፣ ኖይዝ ካንስሊንግ (የውጭ ጩኸት የሚቀንስ) ያለው ከተገኘም እሱ ይሻላል። ቢሮ ውስጥም እንዲሁ፤ የእናንተ ዘፈን ለጎረቤት ወንበር ይሰማል። ሰው አጠገባችሁ ተኝቶ ከሆነም ክፍቱ ይረብሻል። ጸጥ ያለ ቤት ውስጥ ለብቻው የሚቀመጥ ሰው ግን ብዙ ነው፤ ተማሪ አለ፣ ቪዲዮ የሚያቀናብር አለ፣ መዝሙር የሚቀርጽ አለ። ለእነሱ ነው የምከራከረው።

ስለ ኦምም አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ። ኤችዲ 600 እና 650 ባለ 300 ኦም ናቸው፤ እዚህ አገር በብዛት የማየው ዲቲ 990 ፕሮ ደግሞ ባለ 250። ኦም ሲበዛ ከመሣሪያው ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ተራ ሞባይል ላይ ሲሰካ ድምፁ ያንሳል፣ ሰውም «ተበላሽቷል» ይላል። አልተበላሸም። በታይፕ ሲ የምትሰካ ጣት የምታክል ዳክ (የስልኩን ዲጂታል መረጃ ወደ ድምፅ ምልክት የምትለውጥ ዕቃ) ለዝግተኛ ሙዚቃ ታደርሰዋለች፤ ዝቅ ብሎ የተቀረጸ ካሴት ከሆነ ግን አነስተኛ አምፕ (ለሄድፎኑ ጉልበት የሚጨምር ማጉያ) ያስፈልጋል። ይህን ወጪ ሳታስቡ ሄድፎኑን ብቻ አትግዙ።

ሌላው ፎርጅዱ ነው። የመጀመሪያው ኦፕን ባክ ብዬ የገዛሁት አዲስ አበባ ከአንድ ሱቅ ነበር፤ የሱቁን ስም አልጠራም። ካርቶኑ ያምራል፣ ጀርባው ላይ ወንፊት አለው። ቤት ገብቼ ስሰማው ድምፁ ማሰሮ ውስጥ ያለ ነው። ፈታሁት። ከወንፊቱ በታች ድፍን ፕላስቲክ ነው፤ ወንፊቱ ጌጥ ነው። ብመልሰው «የተፈታ ዕቃ አንቀበልም» አሉኝ። የሁለት ወር ቁጠባዬ ነበር። ስለዚህ ገዢዎች ይህን አድርጉ፦ ሱቁ ውስጥ ሙዚቃ ከፍታችሁ ሁለቱንም ጀርባ በመዳፍ ሸፍኑት። በእውነት ክፍት ከሆነ ድምፁ ወዲያው ይለወጣል፣ ይታፈናል። ምንም ካልተለወጠ ዝግ ነው፣ ካርቶኑ ላይ የፈለገው ቢጻፍ። ሻጩ እንዲህ አድርጌ ልሞክር ስትሉት ካኮረፈ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ይህን ነው። ወደፊት ስለ ሄድፎን ስትጽፉ የባትሪ ሰዓት ብቻ አትዘርዝሩ። ስንት ግራም እንደሚመዝን፣ ስፖንጁ ሌዘር ይሁን ጨርቅ፣ ስንት ኦም እንደሆነ፣ ስፖንጁና ገመዱ ሲያልቅ መቀየር ይቻል እንደሆነ ጻፉልን። መለዋወጫ ከውጭ አስመጥቶ በሚጠግን አገር የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ስፖንጅ ካነሳሁ አይቀር፣ ለአንባቢዎቻችሁም ጥያቄ አለኝ። የእኔ ኤችዲ 600 ስፖንጅ ከስድስት ዓመት በኋላ ተጨፍልቆ ጆሮዬ ውስጡን መንካት ጀምሯል። እዚህ ከተማ አንድ ልብስ ሰፊ ወዳጄ በከፋይ ጨርቅና በፍራሽ ስፖንጅ ሰፍቶልኝ ነበር። በእጅ ሲነኩት ከኦሪጅናሉ አይተናነስም። ድምፁ ግን ተለወጠ፤ ቤዙ ጨመረ፣ የሰው ድምፅ ወደ ኋላ ሸሸ። ስፖንጁ ሲወፍር ጆሮ ከድምፁ ምንጭ ይርቃል፣ ጨርቁ ሲጠቀጥቅም አየሩ ይታፈናል። አሁን በቀጭኑ እናሰፋለን ብለን ሁለተኛውን ጀምረናል፤ ውስጡን በስፖንጅ ፋንታ በተባዘተ የመንዝ በግ ፀጉር ለመሙላትም አስበናል። ይህን የሞከረ ሰው ካለ፣ ስንት ሚሊ ሜትር እንዳደረገውና ምን ዓይነት ጨርቅ እንደተጠቀመ በጋዜጣችሁ ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል። አጎቴ ለፋሲካ ይመጣሉ፣ ከዚያ በፊት ልጨርሰው እፈልጋለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ